በቀለም ምርመራ የወደቀ ተማሪ ለአብራሪነት ያመልክት?

ውድ ጠያቂያችን፣

መነጽር ለማሠራት በሄድክበት ክሊኒክ በባለቀለም ነጠብጣቦች መካከል የተሸሸጉትን ቁጥሮች አብዛኞቹን ማንበብ እንዳቃተህ፣ ጓደኛህ «ቁጥሮቹን በቃልህ አጥናቸው» እንዳለህ፣ አጎትህ ደግሞ አሜሪካ ሄደህ ብትማር እንደሚቀልህ እንደነገሩህ ጽፈሃል። ከ12ኛ ክፍል በኋላ ለአብራሪነት ላመልክት ወይስ ሐሳቤን ልቀይር ለሚለው ጥያቄህ መልሴ፣ ከሁለቱም በፊት የችግርህን ዓይነትና መጠን አስለካ የሚል ነው።

የወደቅክበት ምርመራ ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ እ.ኤ.አ. በ1917 ያወጣው ሲሆን ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር ያለበትን ሰው የሚለይ ወንፊት እንጂ የችግሩን ክብደት የሚናገር ሚዛን አይደለም። በዚህም የተነሳ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት፣ በእነዚህ ሥዕሎች የወደቀ አመልካች ለበረራ የሚያስፈልጉትን ቀለማት ያለ ችግር እንደሚለይና የአቪዬሽን መብራቶችን በትክክል እንደሚያውቅ በሌላ ምርመራ ካሳየ ብቁ ሊባል እንደሚችል ይደነግጋል።

መስፈርቱ ያለ ምክንያት የተቀመጠ አይደለም። ለማረፍ የሚቃረብ አብራሪ ከማኮብኮቢያው ጎን ከሚያያቸው አራት መብራቶች ሁለቱ ነጭ፣ ሁለቱ ቀይ ከሆኑ ከፍታው ልክ ነው፤ አራቱም ቀይ ከሆኑ ግን ከመጠን በላይ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2002 ፍሎሪዳ ውስጥ በታላሃሲ ከተማ ጎህ ሳይቀድ ለማረፍ ሲቃረብ ከማኮብኮቢያው ሳይደርስ የወደቀውን የፌዴክስ ቦይንግ 727 የመረመረው የአሜሪካ መንግሥት አካል፣ ዋናውን ምክንያት አብራሪዎቹ ትክክለኛውን የመውረጃ መስመር አለመጠበቃቸው ነው ካለ በኋላ፣ አስተዋጽኦ ካደረጉት ነገሮች መካከል ከድካም ጋር የረዳት አብራሪውን ቀለም የመለየት ጉድለት ጠቅሷል። ሦስቱም የበረራ ሠራተኞች ከባድ ጉዳት ቢደርስባቸውም በሕይወት ተርፈዋል።

የጓደኛህን ምክር አትስማ፤ ሐኪሙ የገጾቹን ቅደም ተከተል ይለዋውጣል፣ ቢሳካልህ እንኳ የሚጠብቅህ ያው የሌሊት ማኮብኮቢያ ነው። ቀለም ያስለያሉ የሚባሉት መነጽሮችም ለምርመራው ተቀባይነት የላቸውም። የአጎትህ ግምት ደግሞ ጊዜው አልፎበታል፦ የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ አዲስ አመልካቾች በኮምፒውተር እንዲመረመሩ ያስገድዳል። የወደቀ ሰው በቀን ብቻ ለመብረር የተገደበ ማረጋገጫ ሊሰጠው ቢችልም፣ እንዲህ ያለው ማረጋገጫ ለአየር መንገድ ሥራ አይበቃም።

ስለዚህ ለሥልጠና አንድ ብር ከማውጣትህ በፊት የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዕውቅና የሰጠው ሐኪም ዘንድ ቀርበህ የአንደኛ ደረጃ የሕክምና ብቃት ምርመራ አድርግ፤ ቅጹን ስትሞላም የክሊኒኩን ውጤት አትደብቅ። ችግርህ ቀላል ሆኖ ብቁ ከተባልክ ሳታመነታ አመልክት፤ ሆኖም ቀጣሪው አየር መንገድ የራሱን ተጨማሪ መስፈርት ሊያስቀምጥ ስለሚችል እሱንም አስቀድመህ ጠይቅ። ችግርህ ከባድ ከሆነ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነት መውጫ ይሆነኛል ብለህ አታስብ፤ ዓለም አቀፉ መስፈርት ከእነርሱም የቀለም ምርመራ ይጠይቃል። የአውሮፕላን ጥገናም ሽቦዎችን በቀለም መለየት የሚፈልግ ሥራ ስላለው ከመመዝገብህ በፊት አጣራ። የአውሮፕላን ንድፍ ምሕንድስና ወይም የበረራ ስምሪት ግን በእኔ እይታ ሰፋ ያለ ዕድል ይሰጡሃል።

ታናሽ ወንድምህም አብራሪ መሆን እንደሚመኝ ጠቅሰሃል። ይህ ችግር ብዙውን ጊዜ ለወንድ ልጅ የሚተላለፈው በእናት በኩል ስለሆነና እሱም ሊኖርበት ስለሚችል፣ አሁኑኑ አብሮህ ቢመረመር መልካም ነው።