አይቡ ዳቦውን እንዳያረጥበው

እህቴ፣ ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 12 እንግዳ እንዳለሽ፣ ዳቦ፣ አይብና ፍራፍሬ በአንድ ሰፌድ ማቅረብ እንደፈለግሽ፣ ባለፈው ግን አይቡ ውሃ እየለቀቀ ዳቦውን እንዳበላሸብሽ ጽፈሻል። ችግሩ ከአደራደርሽ አይመስለኝም፤ ከአይቡ ነው።

ለ12 ሰው 1 ኪሎ አይብ ይበቃል። ለእሱ 8 ሊትር ገደማ አረራ ያዢ። በዝግታ እሳት አሙቂው እንጂ አታፍይው፤ ከፈላ አይቡ እንደ ጎማ ይጠነክራል። አታማስይውም፤ ሲማሰል ይደቅና ከአጓቱ ጋር በጨርቁ ያልፋል። ነጩ ተሰብስቦ አጓቱ ጠራ ሲል አውርጂና እዚያው ድስቱ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ከዚያ በንጹሕ ሻሽ ቋጥረሽ ወንፊት ላይ ዓርብ ማታ አስቀምጪው፣ ይደር። ቸኩለው በእጅ የሚጨምቁት ከላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ሰፌድ ላይ የሚያለቅሰውም ያ ነው። ጨው ውሃ ይስባልና ሊቀርብ ሲል ብቻ ጨምሪ። ግማሹን በደቀቀ ጤና አዳምና በጥቁር አዝሙድ ለውሺው፣ ግማሹ ለማር የሚሆን ባዶውን ይቅር። ነፍሰ ጡር እንግዳ ካለች ጤና አዳም የገባበትን አትስጫት። አረራው ካልፈላ ወተት የተናጠ ከሆነም አይቡ እንዳለ ይቅርባት፤ ያ ለብታ ጀርም አይገድልም። ለእሷ 1 ሊትር ወተት አፍልተሽ በሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ቋጥሪላት።

ዳቦው ድፎ ቢሆን ይሻላል፤ አምባሻ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። 1 ኪሎ ዱቄት፣ 650 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ፣ 20 ግራም ጨው፣ 10 ግራም ደረቅ እርሾ፣ ትንሽ ጥቁር አዝሙድ። ያለሽበት ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ሙቀቱ እኩል ከሆነ ሊጡ ቆላ ካለው ፈጥኖ ይነሣል፤ ሰዓት ሳይሆን ሊጡን እዪ፣ እጥፍ ሲሆን በኮባ ጠቅልለሽ ጋግሪ። ከልክ በላይ ከተነሣ ምጣዱ ላይ ይተኛል። ትኩሱን ግን አትቁረጪ፤ ውስጡ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ሙሉ በሙሉ ሲበርድ በሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቆርጠሽ ደረቅ ምጣድ ላይ ሁለቱን ጎን ጠበስ ብታደርጊው እርጥበት አይገባውም።

ፍራፍሬውን ቅዳሜ ገበያ ጠዋት ማግኘት ይቻላል፣ አቮካዶ ብቻ ቀድመሽ ግዢ፤ ጠንካራው እስኪበስል ጥቂት ቀን ይፈልጋል። በጠቅላላው 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ይበቃል። ፓፓያ ከተቆረጠ በኋላ ግማሽ ሰዓት ወንፊት ላይ ይቆይ። ሙዝ መጨረሻ ላይ ተቆርጦ ሎሚ ይነካ፤ አለዚያ ይጠቁራል። ዘይቱን ካለ ከአይቡ አርቂው፣ ሽታው ሁሉንም ይወርሳል።

ሰፌዱ ላይ የኮባ ቅጠል አንጥፊ፣ አለበለዚያ ስፌቱ እርጥበት ይጠጣና ይሻግታል። አይቡ በሁለት ጎድጓዳ ሳህን መሀል ይሁን፤ በቀጥታ ቅጠሉ ላይ ክምር ማድረግ ለፎቶ ነው። ዳቦው በአንድ በኩል፣ ፍራፍሬው በተቃራኒው፣ በመካከላቸው ለውዝና ቆሎ ይፍሰስ። ማሩ በስኒ፣ ከማንኪያ ጋር። ፎርማጆ (ከሱቅ የሚገዛውን ጠንካራ አይብ) ከጨመርሽ 300 ግራም ይበቃል፣ ከፍሪጅ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይውጣ፤ ቀዝቃዛው ጣዕም የለውም። አይቡን ሁሉ አንዴ አታውጪው። ግማሹን ፍሪጅ አስቀርተሽ ሲያልቅ ሙዪ፣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየውንም አትመልሺ።

ቀኑ ቅዳሜ ቢሆንም ወቅቱ ዐቢይ ጾም ወይም ሌላ ጾም እንዳይሆን ቀድመሽ እዪ። ጿሚ ካለ ለብቻ ሳህን አቮካዶ በሎሚ፣ በጨውና በትንሽ ቃሪያ ፈጭተሽ ከማሩ አጠገብ አድርጊ፣ የራሱ ማንኪያና ቢላም ይኑረው። ብዙዎች ሊጡን በአጓት ያቦካሉ፣ ዳቦውም ያምርበታል፤ ጿሚ ካለ ግን በውሃ ብቻ አቡኪው።