«ዶክተር ውሻዬ ስንት ኪሎ መሆን አለበት?» ለምትሉኝ ልጆች

«ዶክተር፣ ጀርመን ሼፐርዴ 42 ኪሎ ሆነ ኖርማል ነው?» ብላችሁ ትልኩልኛላችሁ፣ ፎቶ እንኳን የለውም። ቁጥሩ ብቻውን እኮ ምንም አይነግረኝም ልጆቼ። ጎግል ስታደርጉ ወንዱ ጀርመን ሼፐርድ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይላል፣ ግን እዚህ አዲስ አበባ «ጀርመን ነው» ተብሎ ከተሸጠላችሁ ቡችላ ውስጥ እናትና አባቱን ያያችሁለት ስንቱ ነው? ብዙው ክልስ ነው (ይሄን ስል የምትቀየሙኝ አትጠፉም፣ ይሁን)። ያገራችን ውሻ ደሞ ጭራሽ ሰንጠረዥም የለው። ስለዚህ ሚዛኑን ለጊዜው ተዉትና በእጃችሁ ጀምሩ።

ውሻው ቆሞ እያለ ከኋላው ሆናችሁ ሁለቱን መዳፋችሁን ጎድኑ ላይ አሳርፉ፣ ሳትጫኑ ወደፊት ወደኋላ ዳበስ አድርጉት። ከዛ የግራ እጃችሁን ዘርጉና የእጃችሁን ጀርባ በቀኝ እጃችሁ ንኩት፣ ስስ ቆዳ ስር አጥንቶቹ አንድ ባንድ ይታወቃሉ አይደል? የጥሩ ውሻ ጎድን ልክ እንደዛ ነው። እጃችሁን ስትጨብጡ እንደሚገጠጡት አንጓዎች ከሆነ ከስቷል፣ እንደ መዳፋችሁ ውስጥ ልስልስ ብሎ አጥንቱን ፈልጋችሁ ካጣችሁት ደሞ ወፍሯል። ቀጥሎ ከላይ እዩት፣ ከጎድኑ በኋላ ወገቡ ገባ ማለት አለበት፣ ከጎን ስታዩት ደሞ ሆዱ ከደረቱ ወደ ኋላ እግሩ ከፍ እያለ መሄድ አለበት። ፀጉራም ከሆነ አይናችሁን አትመኑ፣ ፀጉር ሁለቱንም ይደብቃል። ድመትም ያው ነው፣ ግን ስትሮጥ ከሆዷ ስር ወዲህ ወዲያ የሚወዛወዘውን ልል ቆዳ አይታችሁ ወፈረች እንዳትሉ፣ የተፈጥሮዋ ነው፣ ጎድኗን ንኩ።

እኛ ሀኪሞች ይሄንኑ ከ1 እስከ 9 ነጥብ እንሰጠዋለን። 5 ልክ ነው፣ ለውሻ 4ም ጥሩ ነው፣ ከ5 በላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ በግምት 10 ፐርሰንት ትርፍ ክብደት ነው። እንግዲህ ያ 42 ኪሎ ውሻ 7 ካገኘ 20 ፐርሰንት ተርፎታል ማለት ነው፣ 42ን ለ1.2 አካፍሉ፣ 35። በቃ ኢላማችሁ እሱ ነው፣ ከሰው ሰንጠረዥ ሳይሆን ከራሱ ከውሻው የወጣ ቁጥር። ቤት ውስጥ ለመመዘን አቅፋችሁት ሚዛን ላይ ቁሙና የራሳችሁን ቀንሱ፣ ካልቻላችሁት የትኛውም ክሊኒክ ሄዳችሁ አስመዝኑ፣ ለሚዛን ብቻ መጣን ብላችሁ አትፈሩ።

ምግቡን ለማስላት ስልካችሁን አውጡ። 35 ሲባዛ በ35 ሲባዛ በ35 አድርጉ፣ ስኩዌር ሩት ሁለት ጊዜ፣ ከዛ በ70 አባዙት፣ ወደ 1000 ካሎሪ ይመጣላችኋል፣ ለሚቀንስ ውሻ የቀን መነሻው እሱ ነው። በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 ፐርሰንት ከቀነሰ ጥሩ እየሄደ ነው፣ ለኛው ውሻ ግማሽ ኪሎ አካባቢ፣ ስለዚህ ሶስት አራት ወር ነገር ነው፣ አትቸኩሉ።

ድመትን ግን አደራ! የወፈረች ድመት ለጥቂት ቀን እንኳን ካልበላች ስቧ ጉበቷ ላይ ይከማችና ልትሞት ትችላለች፣ «ትራብና ትክሳ» የሚባል ነገር ለድመት የለም፣ በሳምንት 1 ፐርሰንት ገደማ ይበቃታል። ደሞ እንጀራ በሽሮ እየበላች አትኖርም፣ ስጋ ውስጥ ያለውን ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ካላገኘች ልቧና አይኗ ይጎዳል።

የውሻ ውፍረት ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። አንድ ቤተሰብ ውሻውን ይዞ ይመጣል፣ በሩ እንኳን የጠበበው ውሻ፣ እናትየው «ኧረ እኔ ጠዋት አንዴ ነው የምሰጠው» ትላለች፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ብስኩቱን ያካፍለዋል፣ ሰራተኛዋ ትራፊውን ትደፋለታለች፣ ዘበኛው ማታ ብቻውን ሲበላ አይኑን እያየው እንዴት ይዋጥለት፣ እሱም ያጎርሰዋል። ሁሉም አንዴ ነው፣ ማንም አልዋሸም። መፍትሄው የቀኑን ድርሻ ጠዋት አንድ ጣሳ ውስጥ መስፈርና ማንም ይስጥ ማን ከዛ ብቻ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ካኮላሻችሁት ወይ ካስመከናችኋት ደሞ ድርሻው መቀነስ አለበት፣ የሚያስፈልጋቸው ጉልበት ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎታቸው ግን ይጨምራል።

«ትንሽ ቢወፍር ምናለበት፣ ያምራል» ለምትሉ፣ አሜሪካ ውስጥ 48 ላብራዶሮችን ከቡችላነት እስከ ሞት የተከታተለ ጥናት 2002 ላይ ወጥቷል፣ ከወንድም እህቶቻቸው ሩብ ያህል ያነሰ የበሉት ሁለት አመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው እድሜ ጨምረዋል፣ የመገጣጠሚያ ህመሙም ዘግይቶ ነው የመጣባቸው።

ስለ ትራፊ ካነሳን አይቀር፣ ወጥ ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። ፆም ሙሉ ሽሮ ሲበላ ከርሞ የፋሲካ ለት ጮማና ቆዳ የሚቆለልለት ውሻ ደሞ ቆሽቱ ይቆጣና በማግስቱ እያስመለሰው ይመጣል። በግ ስታርዱ ሳምባው ወይ ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ካያችሁ በጭራሽ ለውሻ እንዳትጥሉ፣ ቅበሩት፣ ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ሆኖ እንቁላሉ በኩሱ ይወጣና ወደናንተው ይመለሳል።

የከሳውን በተመለከተ፣ ምግብ ከመጨመራችሁ በፊት ሰገራውን አስመርምሩ፣ የትል መድሃኒትም ይውሰድ። ቡችላ ሆዱ ተነፍቶ ጎድኑ ከታየ ጠግቦ አይደለም፣ ትል ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። እድሜዋ የገፋ ድመት ደሞ ምግቧን እየጨረሰች፣ ውሃ አብዝታ እየጠጣች ከከሳች ስኳር፣ ታይሮይድ ወይ ኩላሊት ሊሆን ስለሚችል እዛው ሳምንት ይዛችኋት ኑ።