ፊቷን የሸፈነው ጥላ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደመወዛቸውን ስለተከለከሉ የቤት ሠራተኞች በስልኬ አጭር ቪዲዮ እየሠራሁ ነው። አንዷ ተናጋሪ ማንነቷ እንዲታወቅ አትፈልግም። ስለዚህ መስኮት ፊት አስቀምጬ ጥላዋን ብቻ ቀረጽኩ፤ ድምጿንም በማቀናበሪያ ፕሮግራም አወፈርኩት። ይህ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። እባክዎ ፋይሉን ለማንም አይላኩ። ጥላው ለዓይን ጥቁር ይምሰል እንጂ ካሜራው በጨለማው ውስጥ ያለውን ዝርዝር ብዙ ጊዜ ይዞታል፤ ብርሃኑን ከፍ ያደረገ ሰው አፍንጫና አገጯን ሊያይ ይችላል። የወፈረ ድምጽም መልሶ ሊቀጥን ይችላል። ባይቀጥን እንኳ አብሯት የኖረ አሠሪ በአነጋገሯና በቃላት አመራረጧ ይለያታል።

ጥንቃቄው የሚጀምረው ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ነው። ፊቷን ጭራሽ አይቅረጹ። እጇን ብቻ ሊያሳዩ ካሰቡ ቀለበት፣ ጠባሳና ንቅሳት አለመኖሩን ይዩ፤ ከኋላዋ ያለው መጋረጃም ቤቱን ለሚያውቅ ሰው ምስክር ነው። የተናገረችውን፣ የሚያሳውቋትን አባባሎች አውጥተው፣ ይጻፉትና ሌላ ሰው ያንብብላት። «ቃሉ የባለታሪኳ፣ ድምጹ የሌላ ሰው ነው» የሚል ጽሑፍም ስክሪኑ ላይ ያስፍሩ፤ ይህን መተው ተመልካቹን ማታለል ነው። የስልክዎን ካሜራ የቦታ ምዝገባ አስቀድመው ያጥፉ። ምስሎችን በራሱ ወደ ክላውድ (የኢንተርኔት ማከማቻ) የሚጭነውን ቅንብርም እንዲሁ።

ብዙዎች የሚስቱት ግን ታሪኩ ላይ ነው። «መንታ ልጆች እያሳደግሁ 2 ዓመት ሠራሁ» ካለች ፊቷ ቢሸፈንም አሠሪዋ ያውቃታል። ልጆቹንና ዓመቱን ያውጡ፤ ያልተከፈላትን የወራት ብዛት እንኳ «ለወራት» ይበሉት። ሥራው ሲያልቅ ሙሉውን ያሳዩአት፣ ያሰሙአትም፤ ራሷን የሚያጋልጥ ነገር ከማንም በፊት የምታየው እሷ ናት። አንዴ ከተለቀቀ በኋላ ቢያጠፉትም ሌሎች ቀድተውት ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ይንገሯት፤ ይህን ሳታውቅ የሰጠችው ፈቃድ ፈቃድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ቃለ መጠይቆቼ ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ የተቀረጹ ይመስላሉ። ውድ ካሜራ ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ችግሩ ያለው በማይክራፎኑና በተናጋሪው አፍ መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። 2 ሜትር ርቆ የቆመ ስልክ ከተናጋሪው ይልቅ ከግድግዳ የሚመለሰውን ድምጽ ይሰበስባል። ሁለተኛ ስልክ ተውሰው ድምጽ መቅጃውን ይክፈቱና ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል፣ ማለትም 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ትንፋሹ በቀጥታ እንዳይመታው ትንሽ ወደ ጎን አድርገው ያስቀምጡት። ሁለቱም ስልኮች የበረራ ሁነታ ላይ ይሁኑ። ቀረጻው እንደጀመረ ካሜራው ፊት አንዴ ያጨብጭቡ፤ በቅንብር ጊዜ ድምጹንና ምስሉን የሚያጋጥሙት በዚያ ጭብጨባ ነው። ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት ክፍል ባዶ ከሆነው ይሻላል። ከመነሣትዎ በፊት ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉን ጸጥታ 30 ሰከንድ ይቅዱ። ንግግር ቆርጠው ሲቀጥሉ ክፍተቱን በዚያ ካልሞሉት መገጣጠሚያው ይሰማል።

ጥያቄ፦ ፎቶ፣ ድምጽ ወይስ ቪዲዮ?

መልስ፦ ማስረጃዎ ይወስናል። ማስረጃው ውል ወይም ደረሰኝ ከሆነ ስምና ቁጥሩን ሸፍነው ፎቶ ያንሡት። ሲሸፍኑ ማደብዘዝ አይበቃም፤ ድፍን ጥቁር ያድርጉበትና የተሸፈነውን ምስል በስክሪን ቀረጻ እንደ አዲስ ያስቀምጡት። መታየት የማይችል ሰው ከሆነ የሚናገረው፣ በሌላ ሰው የተነበበ ድምጽ ይበቃል። ቪዲዮ የሚያስፈልገው የሚንቀሳቀስ ነገር ሲኖር ነው፤ ያኔም እያንዳንዱን ምስል ካሜራውን ሳያወዛውዙ ቢያንስ 10 ሰከንድ ይያዙት።