«ጾመዋል?» ስለ ማደንዘዣ ለጠየቃችሁኝ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ማደንዘዣ ሰጪ ሆኜ እሠራለሁ። የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ያላችሁም፣ የምታስታምሙም የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከመሐል ሜዳ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ጠይቃችሁኛል። ብዙዎቻችሁ «ዶክተር» ብላችሁኛል፤ ሐኪም ሳልሆን የሰመመን ባለሙያ ነኝ። የእያንዳንዳችሁን ጉዳይ የሚወስነው ቀርቦ የሚያያችሁ ባለሙያ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ የፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ታዞለት «ተኝቼ በዚያው ብቀርስ?» እያለ ሁለት ቀጠሮ አሳለፈ። ምን ልበለው?

መፍራታቸው አያሳፍርም። ለፕሮስቴት ብዙውን ጊዜ የምንሰጠው ወገብ ላይ የሚወጋውን ነው፤ እሱ ከወገብ በታች ያደነዝዛል እንጂ አያስተኛም። እያዋራኋቸው ሊያልቅ ይችላል። ሙሉ ማደንዘዣ ቢሆንም በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ብቻውን የሚያስተኛው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ እንቅልፉን የምናስቀጥለው በጋዝ ነው፤ ጋዙ ሲዘጋ ሰው ይነቃል። እስኪያልቅ ድረስ ከራስጌያቸው የሚነሣ የለም፤ የደም ግፊታቸው ቢዘገይ በየ5 ደቂቃው ይለካል። አደጋ ጨርሶ የለውም አልልዎትም። ልብ ወይም ሳንባ የታመመ ሰው፣ በድንገት የመጣ ሰው የበለጠ ያሰጋል። ለዚህ ነው በቀጠሮ መምጣት ሽንት ተዘግቶ በሌሊት ከመሮጥ የሚሻለው።

ጥያቄ፦ ምግብ ለምን ትከለክላላችሁ? በባዶ ሆድ ሰው አይደክምም?

ይደክማል። ግን ሙሉ ማደንዘዣ የወሰደ ሰው የጨጓራው አፍ ይላላል፣ ማሳልም መዋጥም አይችልም። በሆዱ ያለው ወደ ላይ ከተመለሰ ሳንባው ውስጥ ይገባል፤ ያ ሊገድል ይችላል። በወገብ ለሚሠራም ቢሆን ወደ ሙሉ ማደንዘዣ መዞር ሊያስፈልግ ስለሚችል ጾሙ አይቀርም።

አንድ ቀን የእንቅርት ኦፕራሲዮን ያላቸውን እናት «እማማ፣ ጾመዋል?» አልኳቸው። «አዎ ልጄ፣ ሁዳዴ ከገባ ቅቤ አልቀመስኩም» አሉኝ። አልጋው ላይ ሲወጡ የነጠላቸው ቋጠሮ ተፈታና የተቆላ ሽምብራ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። «ይኼስ?» ብላቸው «ጠዋት ትንሽ ቆረጠምኩ፤ የጾም እኮ ነው» አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ቃሉ ለእሳቸውና ለእኔ አንድ አልነበረም። ኦፕራሲዮኑን አስተላለፍነው። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው «ከትናንት ማታ ጀምሮ በአፍዎ የገባ ነገር አለ?» ብዬ ነው።

ሰዓቱ ይኸው፦ ሥጋና ቅባት የበዛበት ምግብ ከበሉ 8 ሰዓት፣ ቀለል ያለ ምግብና ወተት 6 ሰዓት፣ የእናት ጡት ለሕፃን 4 ሰዓት፣ ውሃና ወተት የሌለው ሻይ 2 ሰዓት መቆየት አለበት። በሶም አጥሚትም ምግብ ናቸው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተረኛ የሆነ ሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ምንም ባይበላ፣ ውሃም ከንጋቱ 12 ሰዓት በኋላ ባይጠጣ ጥሩ ነው። ሕፃን ሲያለቅስ አንጀታችሁ ተላውሶ ዳቦ ብትሰጡት እንኳ ንገሩን። ኦፕራሲዮኑ ሰዓት ይገፋ ይሆናል እንጂ ማንም አይቆጣችሁም።

ጥያቄ፦ ጸበልስ?

ንጹሕ ከሆነ እንደ ውሃ ነው፤ ከኦፕራሲዮኑ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀደም ብለው ይጠጡ። እምነት የተበጠበጠበት ከሆነ ግን እንደ ውሃ አይቆጠርም፤ መቀባቱ ይበቃል። ደብቀው አይጠጡ፤ የጠጡበትን ሰዓት ንገሩኝ፣ አልከለክልዎትም።

ጥያቄ፦ በኦፕራሲዮን ወልጄ ወገቤን ከተወጋሁ ወዲህ ወገቤ አልዳነም። መርፌው ነው ይላሉ።

እህቴ፣ ይህን የማልሰማበት ሳምንት የለም። ህብለ ሰረሰር የሚያልቀው ከወገብ ከፍ ብሎ ነው፤ መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች፣ ነርቮች እንደ ክር በፈሳሽ ውስጥ በሚዋኙበት ቦታ ነው። የተወጋው ቦታ ለጥቂት ቀን ሊያም ይችላል። ለወራት የሚቆየው ሕመም ግን ሲጠና ከመርፌው ጋር ሲያያዝ አልተገኘም፤ ያልተወጉ እናቶችንም ያማል። እርግዝናው ራሱ ወገብን ይፈታል፤ በዚያ ላይ ጎንበስ ብሎ ማጥባቱ፣ ጀሪካኑ አለ። ቢሆንም ካልተሻለሽ ታይ፤ «ከወለድሽ ነው» ተብሎ አይታለፍ።

ራስ ምታት ግን ከመርፌው ሊመጣ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ይጀምራል፤ ሲቀመጡ ይብሳል፣ ጋደም ሲሉ ይቀላል። ፈሳሹ በመርፌው ቀዳዳ ሲያዥ ነው፤ መርፌው ሲቀጥን ይህ ይቀንሳል። ማስታገሻ፣ ፈሳሽ፣ ቡናም ያግዛሉ። ከባድ ከሆነ በሕክምና የሚረዳበት መንገድ አለ። ትኩሳት፣ የአንገት መገተር ወይም የእግር መስነፍ ከታየ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ መሃል ላይ ብነቃስ?

በብሪታንያ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት፣ ይህ እንደደረሰባቸው የተናገሩት ሙሉ ማደንዘዣ ከወሰዱ 19,000 ሰዎች አንድ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል። ኬታሚን የሚባለው የማደንዘዣ መድኃኒት የተሰጣችሁ ግን ስትነቁ እንግዳ ሕልምና ቅዠት ልታዩ ትችላላችሁ፤ ያልፋል። ከፊታችሁ የምትወዱት ሰው ዝም ብሎ ቢቀመጥ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ጫት እቅማለሁ፤ ልናገር?

ተናገር ወንድሜ። ጫት የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል፣ የጨጓራን መጉደልም ያዘገያል። ቢያንስ ከዋዜማው ጀምረህ ተው። የግፊትና የስኳር ክኒን የምትወስዱም ክኒኑን ከነእሽጉ አምጡ፤ አንዳንዱ በጉንጭ ውሃ ይዋጣል፣ እንደ ኢናላፕሪልና ሜትፎርሚን ያለው ብዙ ጊዜ ይቆማል። በራሳችሁ አትወስኑ።

ጥያቄ፦ ሂና ጥፍሬ ላይ አለ፤ ችግር አለው?

የኦክሲጅኑ መለኪያ ጣት ላይ ስለሚሰካ ሊያሳስት ይችላል። ቢያንስ አንድ ጣት ንጹሕ ይሁን፤ የጥፍር ቀለምም ይለቅ።

ጥያቄ፦ ከኦፕራሲዮን በኋላ መንቀጥቀጡ ወባ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ማደንዘዣ የሰውነትን ሙቀት ያወርዳል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ሲጨመርበት ጥርስ ያጋጫል። ጋቢ ይዛችሁ ኑ።

ጥያቄ፦ ማተቤን አውልቂ ይሉኛል?

የክር ማተብ ለማደንዘዣ አያስቸግርም። የብረት መስቀል ግን በኤሌክትሪክ ደም ማቆሚያው ሊያቃጥልሽ ስለሚችል ለቤተሰብ ይሰጣል። ለእንቅርት ደግሞ የሚሠራበት ቦታ አንገት ራሱ ስለሆነ ክሩን ግሉኮስ ባልተተከለበት እጅ ላይ እናስረዋለን። ባለ ሽምብራዋ እናት በሳምንቱ ተመልሰው ሲመጡ አንጓቸው ላይ ያሰርኩላቸው እኔ ነበርኩ። ሲነቁ መጀመሪያ የዳበሱት እሱን ነው።