ክሪክ ያነሳል፤ የሚሸከመው ግን ሌላ ነው

በግቢያቸው መኪና መጠገን ከጀመሩ የሰሜን ሸዋ አንባቢዎቻችን የደረሱንን ጥያቄዎች አሳጥረን ከነመልሳቸው አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ቶዮታ ቪትዝ አለኝ። ግቢዬ ውስጥ በቆርቆሮ የተሸፈነ ማቆሚያ ሠርቻለሁ፤ ወለሉ አፈር ላይ የተደለደለ ጠጠር ነው። ዘይት መቀየርና ጎማ ማውለቅ የመሳሰለውን በራሴ መሥራት እፈልጋለሁ። ሁሉንም አንዴ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ከምን ልጀምር? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከሁለት መደገፊያ ስታንድ ይጀምሩ። መፍቻም ክሪክም ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ። ከመኪናው ጋር የመጣው መቀስ ክሪክ ለጊዜው ያነሳልዎታል፤ የተነሳውን መኪና ተሸክሞ የሚቆይ ነገር ግን አብሮ አልመጣም። የሃይድሮሊክ ክሪክም ቢሆን መኪናውን የሚይዘው በአንዲት ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ ቀለበት) በታፈነ ዘይት ነው። ጎሚኒዋ ካረጀች፣ ወይም የማውረጃ ቫልቩ መቀመጫ ላይ የብረት ብናኝ ካረፈ፣ መኪናው ይወርዳል። ስታንድ ላይ ግን ብረት በብረት ላይ ነው የሚያርፈው።

የቪትዝ ባዶ ክብደት 1 ቶን ገደማ ስለሆነ ለእርስዎ ባለ 2 ወይም ባለ 3 ቶን ጥንድ ይበቃል። የተጻፈው ቁጥር ለአንዱ ይሁን ለሁለቱ በአንድ ላይ መለያውን ያንብቡ፤ አንዳንዱ አምራች ለጥንዱ ነው የሚጽፈው። ሱቅ ውስጥ እያሉ ስታንዱን ለጥ ያለ ወለል ላይ ያቁሙትና በአንድ ጣት ጥጉን ጫን ይበሉ፤ ከተንቀጠቀጠ አራቱ እግሮች እኩል አይደሉም። ባለ ጥርስ ከሆነ ከፍ አድርገው ይቆልፉትና ራሱን በመዳፍዎ ወደ ታች ይምቱት። ጥርሱ ግማሽ ድረስ ብቻ ገብቶ የሚይዝ ከሆነ ይመልሱት። ብየዳው ላይ ክፍተት ወይም ቀዳዳ ካዩ፣ ወይም ቀለሙ በስንጥቅ መስመር ከተላጠ፣ አይውሰዱት። ምርጫ ካለዎት ፒን ያለውን እንመርጣለን፤ ፒኑ መግባቱን በዓይን ማየት ይቻላል።

ብሎኬት መኪና አይደግፍም። ውስጡ ባዶ ስለሆነ የተሽከርካሪው ጠርዝ በአንዲት ነጥብ ላይ ሲጫነው ምንም ምልክት ሳይሰጥ ይፈነዳል። ድንጋይም ይንሸራተታል። ስታንድ እስኪገዙ ድረስ እንጨት ይሻላል፦ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ደረቅ የባህር ዛፍ ግንድ ሁለት ሁለቱን እያቆራረጡ ይደርድሩ። ከፍታው ከጎኑ ርዝመት እንዳይበልጥ። እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅና ስለሚጣመም ለዚህ አይሆንም።

ቀጥሎ ተሳቢውን፣ ጎማ ያለውን የሃይድሮሊክ ክሪክ ይግዙ። ለቪትዝ ባለ 2 ቶን ይበቃል። ሃይሉክስ ወይም ዶልፊን የሚያነሱ ከሆነ ግን 3 ቶን ይሁን። ይህ የክብደት ነገር ብቻ አይደለም። ርካሹ 2 ቶን ብዙ ጊዜ ከ35 ሳንቲ ሜትር በላይ አይነሳም፤ ከፍ ያለ መኪና ሲነሳ ደግሞ ጎማው በሞላው ወይም በባሌስትራው ልክ ተንጠልጥሎ ስለሚቀር ከመሬት ሳይላቀቅ ክሪኩ ያልቅበታል።

አሁን ወደ ጠጠሩ እንምጣ፤ የእርስዎ ትልቁ ችግር ይሄ ነው። የተሳቢው ክሪክ ክንድ ሲነሳ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ቅስት ይሠራል። ስለዚህ ክሪኩ በጎማዎቹ ትንሽ ወደ ፊት መንከባለል አለበት። ጠጠር ውስጥ የብረት ጎማዎቹ ይሰምጡና መንከባለል ያቅታቸዋል፤ ያኔ ወይ የክሪኩ ራስ ከማንሻው ነጥብ ይንሸራተታል፣ ወይ መኪናውን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ሁሉንም ወለል ኮንክሪት ማድረግ ካልቻሉ ከፊት ጎማዎቹ እስከ ኋላ ጎማዎቹ ድረስ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው፣ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ብቻ ያስፈስሱ። እስከዚያው ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ፣ 60 በ120 ሳንቲ ሜትር፣ ከክሪኩ ሥር ያንጥፉ፤ ለያንዳንዱ ስታንድ ደግሞ ለብቻው 30 በ30 የሆነ ወፍራም ጣውላ ወይም ላሜራ ያድርጉ።

ሲያነሱ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ ማርሹን አንደኛ ወይም ፒ ላይ ያድርጉ፤ በማይነሱት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ያስገቡ። ታኮ የሚዘነጋበት ምክንያት የእጅ ፍሬን ይበቃል ስለሚባል ነው። የቪትዝ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ ኋላውን ሲያነሱ የያዘው ነገር አየር ላይ ሆነ ማለት ነው። ማርሹም ቢሆን የሚይዘው የፊቶቹን ነው፤ አንዱ የፊት ጎማ ሲነሳ ዲፈረንሻሉ ሌላውን ያለቅቀዋል። የጎማ ዳዶዎችን መኪናው መሬት ላይ እያለ ሩብ ዙር ያላሉ፤ ከዚያ ያንሱ።

የማንሻ ነጥቡን ለመለየት ከፊት ጎማው ኋላና ከኋላ ጎማው ፊት፣ በሩ ሥር ያለውን የላሜራ ጠርዝ በጣትዎ ይዳብሱ። ሁለት ቁርጦች ያገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው ቦታ ተደራርቦ የተበየደ ነው። ተሳቢ ክሪክ ሲኖርዎት ፊቱን ከመሃል፣ ከሞተሩ ሥር ካለው ወፍራም ተሻጋሪ ብረት ያነሱና ስታንዶቹን በግራና በቀኝ እነዚህ ቁርጦች ሥር ያስቀምጣሉ። የዘይት ማጠራቀሚያውን ወይም የራዲያተር ማቀፊያውን ብረት አያንሱበት፤ ሁለቱም ይጨረማመታሉ። ስታንዶቹ ላይ ካሳረፉት በኋላ መኪናውን ከጎኑ በሁለት እጅ ጠንከር አድርገው ይግፉት። የሚወድቅ ከሆነ እርስዎ ሥሩ ሳይገቡ ይውደቅ። የወለቀውን ጎማም ከበሩ ጠርዝ ሥር አጋድመው ይተዉት።

መፍቻ ላይ ብዙ አያውጡ። በቶዮታ ላይ አብዛኛው ሥራ በ10፣ 12 እና 14 ያልቃል፤ 17 እና 19 ይጨምሩ፤ የጎማው ዳዶ 21 ነው። ቡሾላ (ብሎን ራስ ላይ የሚለበስ መፍቻ) ሲገዙ ውስጡ ባለ 6 ማዕዘን ይሁን። ባለ 12ቱ የብሎኑን ጥግ ብቻ ስለሚይዝ የዛገውን ያከበዋል። ወደ ሱቅ ሲሄዱ ባለ 14 ራስ ያልተበላ ብሎን በኪስዎ ይያዙና ቡሾላውን ያልብሱት፤ ግራና ቀኝ ሲያወዛውዙት በግልጽ የሚጫወት ከሆነ ሌላ ይጠይቁ። «ክሮም ቫናዲየም» የሚለው ጽሑፍ በማንኛውም ብረት ላይ ሊታተም ይችላልና ብሎኑን ይመኑ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ባለ 3 ቶን ተሳቢ ክሪክ ገዛሁ። ሚኒባሴን ሳነሳበት ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጎማው መሬት ይነካል። ጎረቤቴ የፍሬን ዘይት ጨምርበት ይለኛል። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ የፍሬን ዘይት አይጨምሩ። የክሪክ ጎሚኒዎች ለማዕድን ዘይት የተሠሩ ናቸው፤ የፍሬን ዘይት ያሳብጣቸውና ያለሰልሳቸዋል። ለጥቂት ቀን የዳነ ሊመስል ይችላል፤ ከዚያ ጨርሶ ይለቃል። የሞተር ዘይትም አይሆንም፤ ወፍራም ነው፣ አረፋም ይሠራል። የሚፈልገው የሃይድሮሊክ ዘይት ነው፤ ቁጥር 22 ካጡ 32 ለእንደ ሸዋ ሮቢት ላለ ቆላ ደህና ነው። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ውርጭ በሚወርድባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋቶች፣ 32ቱ ይወፍርና ክሪኩ ለመውረድ ይዘገያል።

መጀመሪያ ዘይቱ ወደ ውጭ ይፈስ እንደሆነ ይዩ። የሚወጣውና የሚገባው ዘንግ ዙሪያ ከራሰ ጎሚኒው አልቋል፤ መለወጥ ነው። ውጭው ደረቅ ሆኖ የሚወርድ ከሆነ አየር ገብቶበታል ወይም ቫልቩ ቆሽሿል። ከመኪናው አውጥተው፣ ክንዱ ሙሉ በሙሉ ወርዶ፣ የማውረጃ ቫልቩን ሁለት ዙር ይክፈቱና እጀታውን ከ10 እስከ 15 ጊዜ ከፍ ዝቅ ያድርጉ። ከዚያ የመሙያውን የጎማ ቡሽ ነቅለው ዘይቱን ይመልከቱ። ከጠቆረ ወይም ወተት ከመሰለ ክሪኩን ገልብጠው ያፍስሱት፤ በትንሽ አዲስ ዘይት አጥበው ያንንም ይድፉ፤ ከዚያ እስከ ቀዳዳው የታች ጠርዝ ድረስ ብቻ ይሙሉ። የሚሞላው ክንዱ ወርዶ ሳለ ነው። ተነስቶ እያለ ከሞሉት ሲወርድ ዘይቱ መግቢያ ያጣና ቡሹን ያስተፋዋል።

በቀለም የታሸገውን የጭነት መጠበቂያ ብሎን አይንኩ። እሱን አጥብቆ «3 ቶኑን 4 አደረግሁት» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት ክሪክዎን ይዘው ይውጡ።

ለመፈተን ስታንዱን ከሥር አድርገው ጎማውን ከመሬት ጥቂት ያንሱ፤ የክንዱን ከፍታ በሜትር ለክተው በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይለኩ። አሁንም ከወረደ የውስጥ ጎሚኒዎቹ ሁሉ ይቀየሩ።

ጥያቄ፦ ክሪክና ስታንድ ከምገዛ የጋራዥ ጉድጓድ ብቆፍርስ? ሠራተኛና ድንጋይ በቅርብ አለ። (ከእነዋሪ)

መልስ፦ እነዋሪ ላይ አንመክርም። አካባቢዎ መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ተሰንጥቆ ይሸሻል። የድንጋይ ግድግዳ ያለ ፌሮ ኮንክሪት ይህን ግፊት ለብዙ ዓመት አይችለውም፤ ወደ ውስጥ ያብጣል፣ ከዚያ ይናዳል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጉድጓዱ ኩሬ ይሆናል።

ከአፈሩ ይልቅ የሚያሳስበን ግን አየሩ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ይተኛል። አንድ የእጅ መብራት ወድቆ ቢሰበር በቂ ነው። ሞተሩ ከላይ እየሠራ ሰው ከታች ከቆመ ደግሞ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይይዘዋል፤ ይህ ጋዝ ሽታ የለውምና ሰውየው ሳያውቅ ይደክማል።

ዘይት ለመቀየርና ከሥር ለማየት መወጣጫ ይበቃዎታል። ብረት ሠሪ ዘንድ ከአርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) እና ከላሜራ ያሠሩ፦ ስፋቱ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው ከ20 እስከ 22፣ የዳገቱ ርዝመት ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር። አናቱ ላይ ጎማው የሚያርፍበት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ለጥ ያለ ቦታ፣ በመጨረሻው ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው መግቻ ይኑረው። ላሜራው ለስላሳ ከሆነ በጭቃ ጎማ ያንሸራትታል፤ ቀጭን ፌሮ አግድም አግድም ያስበይዱበት።

ጥያቄ፦ የጣርማ በርን ቁልቁለት ስለምመላለስበት የፍሬን ፓስቲካ ቶሎ ያልቅብኛል። በኮሮላዬ ላይ ራሴ ለመቀየር ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል? ቶርክ ሬንች (በተለካ ኃይል የሚያጠብቀው መፍቻ) የግድ ነው? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ 14 ቡሾላ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ፒስተኑን የሚመልስ የአናጺ ማጥበቂያ ሞርሳ፣ አንድ ሜትር ሽቦ። ሽቦው ካሊፐሩን (ፓስቲካውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) ለማንጠልጠል ነው፤ በቱቦው ተንጠልጥሎ ከቆየ ቱቦው ከውስጥ ይቀደዳል። ፒስተኑን ከመመለስዎ በፊት የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍተው ደረጃውን ይዩ፤ ሞልቶ ከሆነ ይፈስና ቀለም ይበላል። ከቁልቁለቱ እንደወረዱ አይጀምሩ፤ ዲስኩ እጅ እስኪያስችል ይጠብቁ። ሲጨርሱ መኪናውን ከማንቀሳቀስዎ በፊት ፔዳሉ ጠንካራ እስኪሆን ደጋግመው ይርገጡ። የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው፤ ያ ርግጫ ቁልቁለት ላይ እንዳይሆን።

ቶርክ ሬንች ቢኖር ጥሩ ነው። የኮሮላ የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠብቀው። በእግር ተቆሞበት የሚጠብቅ ዳዶ የብሎኑን ጥርስ ይለጥጣል፣ ዲስኩንም ያጣምማል። ቶርክ ሬንች ከሌለዎት ገበያ ላይ እህል የሚመዘንበትን ባለ ሞላ ተንጠልጣይ ሚዛን ይጠቀሙ። እጀታው ላይ ከዳዶው መሃል 50 ሳንቲ ሜትር ለክተው በቀለም ምልክት ያድርጉ፤ ሚዛኑን እዚያ አንጠልጥለው ከእጀታው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርተው ይሳቡ። 21 ኪሎ ሲያነብ 103 ላይ ደርሰዋል። ዳዶዎቹን በዙሪያ ሳይሆን በተቃራኒ እየተሻገሩ፣ መጀመሪያ በግማሽ ኃይል፣ ከዚያ በሙሉ ያጥብቁ። ጥርሱን ዘይት አይቀቡት፤ በዚያው 21 ኪሎ ከሚገባው በላይ ይጠብቃል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ እንደገና ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ ዳዶ በአየር ለመፍታት ባለ 24 ሊትር ኮምፕረሰር ልግዛ? (ከመሀል ሜዳ)

መልስ፦ አይግዙ። መሀል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠረፉ 30 በመቶ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ኮምፕረሰሩ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ያህል አያመርትም። ባለ 24 ሊትሩ ደጋ ባይሆንም ሁለት ሦስት ዳዶ ፈትቶ ይደክማል። በገንዘቡ 60 ሳንቲ ሜትር እጀታና ጥቁሩን፣ ለምት የተሠራውን 21 ቡሾላ ይግዙ፤ የሚተርፈው ለስታንድ ይሁን።

ጥያቄ፦ የኮሮላ ሞተር ላወርድ ነው። ፓራንኮውን (የሰንሰለት ማንሻውን) ከማቆሚያው ጣሪያ ወጋግራ ላይ ባስር ይችላል? (ከዓለም ከተማ)

መልስ፦ አይችልም። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር ከ150 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሲነቀልና ሲወዛወዝ ደግሞ ከክብደቱ የበለጠ ይጎትታል። ወጋግራው የተሰላው ለቆርቆሮና ለነፋስ ነው፤ ሚስማሮቹ ከመነቀላቸው በፊት ድምፅ እንኳ ላያሰሙ ይችላሉ።

ባለ ክንድ የሞተር ማንሻ መከራየት ከቻሉ ያ ይሻላል። ክንዱ በረዘመ ቁጥር አቅሙ እንደሚቀንስ ይወቁ፦ 2 ቶን የተባለው ክንዱ ሙሉ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ቶን ብቻ ነው የሚያነሳው። ክንዱ ላይ በየቀዳዳው የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። ሰንሰለቱን የሚያስሩት ፋብሪካው ሞተሩ ላይ ባስቀመጣቸው ሁለት የማንሻ ቀለበቶች ነው፤ ገመድ በማኒፎልዱ ሥር አያሳልፉ። ሞተሩ 5 ሳንቲ ሜትር እንደተነሳ ያቁሙና ያልተፈታ ሽቦ፣ ቱቦና የመሬት ገመድ እንዳለ ዙሪያውን ይፈትሹ። ከወጣ በኋላ ከፍ አድርገው አይጎትቱት፤ ወደ ወለሉ አቅርበው፣ ጉልበት በማያልፍ ከፍታ፣ ሁለት ሰው ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉት።