ስድስቱ ከየት መጣ?

በቅርቡ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሩን ዘርግቶ፣ «ጋሼ፣ በፓስካል ጎነ ሦስት 1፣ 4፣ 6፣ 4፣ 1 በሚለው ረድፍ ላይ ያለው 6 ከየት መጣ?» ሲል ጠየቀኝ። ይህ በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በፓስካል ስም የሚጠራ፣ ዳርና ዳሩ 1 የሆነና በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ከበላዩ ያሉት የሁለቱ ድምር የሆነበት የቁጥሮች ጎነ ሦስት ነው። «ከበላዩ ያሉትን ሁለቱን 3 ደምር» ብዬ ላሰናብተው እችል ነበር፤ ነገር ግን ይኸው መልስ በተማሪነት ዘመኔ የአንድ ጓደኛዬን አፍ እንዴት እንዳዘጋ ትዝ ስላለኝ ይህን ልጽፍላችሁ ተነሣሁ።

ያ ጓደኛዬ የኮምቦልቻ ልጅ ሲሆን፣ ደሴ ዘመድ ቤት ተቀምጦ የሚማር፣ የነገሩን ሥር ሳያገኝ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። መምህራችን የፓስካልን ጎነ ሦስት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርተው አስገልብጠውን ሲያበቁ፣ የላዮቹ ሁለት ቁጥሮች ለምን እንደሚደመሩ ተነሥቶ ጠየቀ። «ሕጉ ነው፤ ያዘው» አሉት፤ ክፍሉም ሳቀ። ከዚያ በኋላ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም፤ ውሎ አድሮም ትምህርቱን ትቶ ንግድ ገባ። ያስተወው ይህ ብቻ ነው አልልም፤ ንግዱም ቢሆን አላስቆጨውም። እኔን የሚቆጨኝ መልሱ የሁለት መስመር መሆኑ ነው።

(ሀ + ለ)³ ሲዘረዘር ሀ³ + 3ሀ²ለ + 3ሀለ² + ለ³ ይሆናል። በፊደሎቹ ፊት ያሉት ቁጥሮች 1፣ 3፣ 3፣ 1 የጎነ ሦስቱ አንድ ረድፍ ናቸው፤ 1፣ 4፣ 6፣ 4፣ 1 ደግሞ የ(ሀ + ለ)⁴ ረድፍ ነው። የመጀመሪያውን ዝርዝር እንደገና በ(ሀ + ለ) ስናባዛው፣ ሀ²ለ² የሚገኘው 3ሀ²ለ በ«ለ» ሲባዛ እና 3ሀለ² በ«ሀ» ሲባዛ ነው፤ ሁለቱ 3 ተደምረው 6 ይሆናሉ። «ሕግ» የተባለው ይኸው ነበር። ፓስካል ስለዚህ ጎነ ሦስት የጻፈው የታተመው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1665 ሲሆን፣ የሒሳብ ሊቃውንቱ የባግዳዱ አል-ካራጂና ቻይናዊው ያንግ ሁይ ግን ከእርሱ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው ያውቁት ነበር።

የዛሬ ልጆች ስልካችሁ ሁሉን ስለሚዘረዝርላችሁ እጃችሁ ሰንፏል፤ እኔም ብሆን ያ የ11ኛ ክፍል ተማሪ (2ሀ − 3)⁴ን ዘርዝሮ ያገኘውን መልስ ያመሳከርኩት በስልኬ መሆኑን አልደብቅም። ሆኖም ስልክ የማያስፈልገው ማረጋገጫ አለ። (2ሀ − 3)⁴ ሲዘረዘር 16ሀ⁴ − 96ሀ³ + 216ሀ² − 216ሀ + 81 ነው። በ«ሀ» ፋንታ 1 ብታስገቡ ቅንፉ (−1)⁴፣ ማለትም 1 ይሆናል፤ ዝርዝሩም ተደምሮና ተቀንሶ 1 መስጠት አለበት። ካልሰጠ በመጀመሪያ የመቀነስ ምልክቶቹን፣ ቀጥሎም 2 ከ«ሀ» ጋር አብሮ ወደ አራተኛ ርቢ መነሣቱን ተመልከቱ፤ ያ ተማሪ 16ሀ⁴ በማለት ፋንታ 2ሀ⁴ ብሎ ነበር።