ለኤሲው የውጭ ማሽን ግድግዳው የማን ነው?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቤት አለኝ። ከአራት ወር በፊት ኤሲ ገዝቼ የውጭውን ማሽን ከመኝታ ቤቴ መስኮት በላይ በውጭው ግድግዳ ላይ አስተከልኩ፤ ሳስተክል የማኅበራችንን ሰብሳቢ በቃል አስፈቅጃለሁ። ከበላዬ ያሉት ጎረቤት ግን «ሙቀቱና ድምፁ መስኮት አላስከፍት አለን» ብለው በማመልከታቸው፣ ማኅበሩ በ15 ቀን ውስጥ እንዳነሳ በጽሑፍ አስጠንቅቆኛል። ግድግዳው የቤቴ ግድግዳ አይደለም ወይ? ሁለት ዓመት ካለፈውስ ማንም አያስነሳውም የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ተደባልቀው ቀርበዋል። አንዱ ግድግዳው የማን ነው የሚለው ሲሆን፣ ሌላው ማሽኑ በጎረቤትዎ ላይ የሚያደርሰው ሁከት ነው። አንዱን ቢረቱ ሌላው አብሮ እንደማይዘጋ ከወዲሁ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ኮንዶሚኒየም የገዛ ሰው ለብቻው ከሚይዘው ቤት በተጨማሪ በሕንፃው የጋራ ክፍሎች ላይ ከሌሎቹ ባለቤቶች ጋር ያልተከፋፈለ ድርሻ ይኖረዋል። የመኝታ ቤትዎን ግድግዳ በውስጥ በኩል ቀለም ቢቀቡት ማንም አይጠይቅዎትም፤ ያው ግድግዳ በውጭ ገጹ ግን እንደ ደረጃውና እንደ ጣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የጋራ ነው። ወሰኑ በትክክል የት ላይ እንደሚያርፍ የሚወስኑት ሕንፃው ሲመዘገብ የቀረቡት ሰነዶችና የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ስለሆኑ፣ ከማንኛውም ክርክር በፊት የእነዚህን ግልባጭ ከማኅበሩ ጠይቀው ያንብቡ። በረንዳዎ የግልዎ ሆኖ ተመዝግቦ እንደሆነም በዚያው ይመልከቱ፤ ኋላ ይጠቅምዎታል።

የሰብሳቢው የቃል ፈቃድ የማኅበሩ ውሳኔ አይደለም። ማኅበር የሚናገረው በቃለ ጉባኤ ነው፤ ሰብሳቢው ደረጃ ላይ አግኝተውዎት «ችግር የለም፣ ትከሉ» ማለታቸው የሌሎቹን ባለቤቶች መብት ሊያስተላልፍልዎ አይችልም። ይሁንና ቃሉ ከንቱ ነው አልልም፤ በድብቅ ወይም በማናለብኝነት እንዳልተከሉ ያሳይልዎታል። በዚያው ግድግዳ ላይ ማኅበሩ እያየ ዝም ያላቸው ሌሎች ማሽኖች ካሉ ፎቶግራፍ አንስተው ያስቀምጡ።

ወደ ጎረቤትዎ አቤቱታ ስንመጣ፣ ማኅበሩ በጽሑፍ ፈቅዶልዎት ቢሆን እንኳ የእሳቸው መብት በቦታው ይቆያል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 የንብረት ባለቤት ጎረቤቱን እንዳይጎዳና እንዳያውክ፣ በተለይም ከመልካም ጉርብትና መጠን ያለፈ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት እንዳያደርስ ይከለክላል፤ መጠኑም የአካባቢውን ልማድና የቦታውን ሁኔታ እያየ ይመዘናል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃታማ ከተማ ኤሲ ቅንጦት ስላልሆነ፣ ቀን ቀን የፋን ድምፅ መሰማቱ ብቻውን ከመጠን አለፈ ያሰኛል ብዬ አላምንም። ነገር ግን ማሽኑ ከክፍልዎ የሚያወጣውን ሙቀት ራሱ ከሚፈጀው ኤሌክትሪክ ሙቀት ጋር ደምሮ ወደ ውጭ ይተፋል፤ ሞቃት አየር ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ እርስዎ የተከሉት ከእሳቸው መስኮት ሥር ነው። ማሽኑን የተሸከመው ብረት (ብራኬቱ) ጎማ ሳይደረግበት በቀጥታ ከግድግዳው ጋር ታስሮ ከሆነ፣ ሌሊት ኮምፕሬሰሩ በተነሳ ቁጥር ንዝረቱ በግድግዳው በኩል አልጋቸው ድረስ ይደርሳል። ዳኛ ይህን በባለሙያ አስመርምሮ ቢያረጋግጥ የሚወስነው በእርስዎ ላይ ነው።

የሁለት ዓመቱ ወሬ ግማሹ እውነት ነው። በዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 የሚቀርበው «ሁከት ይወገድልኝ» ክስ ሁከቱ ከተነሳበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሆኖም የሚታገደው ያ ክስ ብቻ ነው፤ የጊዜው ማለፍ በጋራ ግድግዳ ላይ መብት አያቋቁምልዎትም፣ ባለቤቶቹም በባለቤትነታቸው በቁጥር 1206 መሠረት ከመከራከር አይከለከሉም። በእርስዎ ጉዳይ ደግሞ ገና አራት ወር ነው። ዛሬ ክሱ ቢመጣ፣ ለመትከል መብት እንዳለዎት ወዲያውኑና በማያጠራጥር ማስረጃ ማሳየት የሚጠበቅብዎት እርስዎ ነዎት፤ በእጅዎ ያለው የቃል ፈቃድ ለዚህ አይበቃም።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። በቁጥር 2080 መሠረት ከሕንፃ ላይ በሚወድቅ ነገር ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊው በቤቱ የሚኖረው ሰው ነው። ማሽኑ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የተንጠለጠለውም በጥቂት ብሎኖች፣ ምናልባትም በብሎኬት ላይ ነው። ሥር ልጆች የሚጫወቱ ከሆነ ብሎኖቹን ዛሬውኑ ያስፈትሹ።

ስለዚህ በ15 ቀኑ ውስጥ ለማኅበሩ መልስ በጽሑፍ ይስጡ። በመልስዎ ሰብሳቢውን ያስፈቀዱበትን ቀን ይግለጹ፤ ጉዳዩ በጠቅላላ ጉባኤ እንዲታይ ይጠይቁ፤ ማሽኑን ወደ በረንዳዎ ወለል አውርደው በጎማ ላይ ለማስቀመጥና የውሃ መውረጃ ቱቦውን ከታች ሰው ልብስ ላይ እንዳይንጠባጠብ ወደ ፍሳሽ መስመር ለማስገባት ፈቃደኛ መሆንዎንም ያስፍሩ። እኔ እርስዎን ብሆን ለግድግዳው አልከራከርም፤ ማሽን የማዛወር ወጪ ከአንድ ዓመት ሙግት ያነሰ ነው። የሚያዛውረው ባለሙያ ቱቦውን ከመፍታቱ በፊት ጋዙን ወደ ውጭው ማሽን መሰብሰቡን፣ አዲስ ቀዳዳ የሚበሳ ከሆነም የሕንፃውን ተሸካሚ ምሰሶና አግዳሚ (ኮለንና ቢም) አለመንካቱን ይከታተሉ። ከጎረቤትዎ ጋር ከተስማሙ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጋችሁ በሁለት ምስክሮች ፊት ፈርሙ። ደብዳቤውን ለማኅበሩ ሲያስገቡም የተቀበለው ሰው በእርስዎ ግልባጭ ላይ ቀንና ፊርማ እንዲያኖርበት ያድርጉ።